«የወፍ በሽታ»፣ «የጉበት ብግነት»፣ «የጉበት ካንሰር»፦ ስለ ሦስት ስያሜዎችና ስለሚያያይዛቸው ግሥ

በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ፍሬ ሐሳቡም በሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ለረጅም ጊዜ መያዝ ለጉበት ካንሰር ምክንያት ይሆናል የሚል ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲነበብ አጭርና ግልጽ ነው። ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዕር ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥያቄ ያስነሣል። አንዱ ተርጓሚ «ሥር የሰደደ የጉበት ብግነት ወደ ነቀርሳ ይለወጣል» ይል ይሆናል፤ ሌላው «የቆየ የወፍ በሽታ የጉበት ካንሰር ያመጣል» ይል ይሆናል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ሁለቱም ለጆሮ አይጎረብጡም። ይሁን እንጂ ስለ በሽታው የሚነግሩን ነገር አንድ አይደለም፤ በእኛ አስተያየትም ሁለቱም ከእውነቱ ይርቃሉ። ይህ ጽሑፍ ያንን ርቀት ለመለካት የተዘጋጀ ነው።

ቃላቱን በአንድ በታወቀ ቦታ ቆሞ መመዘን ይሻላል ብለን አምባ ጊዮርጊስን መርጠናል። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወገራ ደጋ ከተማ ናት። የምርጫችን ምክንያት ቀላል ነው። በአዲስ አበባ ያለ ሐኪም የአማርኛው ቃል ሲያጥረው የእንግሊዝኛውን ጣል አድርጎ ያልፋል፤ ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል። በወገራ ገብስ አጭዶና በግ አርብቶ በሚያድር ሰው ፊት ግን ይህ መሸሻ የለም፤ ቃሉ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ ማስረዳት የተመራቂው ዕጣ ሆኗል። ኮሌጁ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዕጣው ግን አልተለወጠም።

ከጥንቱ ቃል እንጀምር። በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ እንደ ሌላውም አማርኛ ተናጋሪ አገር፣ ዐይኑ ወይቦ ሽንቱ የጠቆረ ሰው የወፍ በሽታ ያዘው ይባላል። ብዙ ሰዎች በሽታውን የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ብለው ያምናሉ፤ ስያሜው ከዚሁ እምነት ጋር የተያያዘ ይመስላል። ቃሉ በትክክል የሚያመለክተው ግን ምልክትን እንጂ በሽታን አይደለም። ዐይን የሚወይበው ጉበት ከደም አጣርቶ ሊያስወግደው የሚገባው ቢሊሩቢን የተባለ ብጫ ማቅለሚያ በሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ይህም በቫይረስ፣ በመርዛም ቅጠል፣ በሐሞት ጠጠር፣ አንዳንዴም በከባድ ወባ ሳቢያ ሊደርስ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ግን አብዛኞቹ በመጀመሪያው ወቅት ምንም ምልክት አያዩም፤ ዐይናቸው የሚወይበው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቫይረሱ በጉበታቸው ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ጉበቱ ሥራው ሲከብደው፣ ያን ጊዜ ዐይን ይወይባል።

ስለዚህ «ሄፓታይተስ» የሚለውን ሁሉ «የወፍ በሽታ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ ዐይኑ ነጭ የሆነውን ገበሬ ሳያውቀው «አንተን አይመለከትህም» ብሎ ያሰናብተዋል። ሌላም ጥፋት አለ። በምግብና በውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ ዐይንን አወይቦ በሳምንታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በወራት፣ ራሱ ይለቃል፤ የለቀቀውም በቅጠል ወይም በጠበል ነው ይባላል። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ሄፓታይተስ ሲንም «የወፍ በሽታ» ብለን ከሰጠነው እንደ ቀድሞው ይለቀኛል ብሎ ቢጠብቅ አንፈርድበትም። ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ይውጣ አንልም፤ የዐይንና የቆዳ መወየብን ለመግለጽ ከእርሱ የተሻለ ቃል የለንም። የምንለው በሽታውን ለመሰየም አይበቃም ነው።

«የጉበት ብግነት» ከዚህ የተሻለ ነው። የግሪኩ ቃል ጉበት ከሚል ስምና መቆጣትን ከሚያመለክት ባዕድ መድረሻ የተሠራ ስለሆነ ትርጕሙ ቃል በቃል ይገጥማል። «በገነ» ማለት በንዴት ተቃጠለ ማለት ነው፤ የተራው ሰው አነጋገርም ቁስሉ «ተቆጣ» ይላል። ሁለቱም አካል ሲቆጣ እንደ ሰው ይነድዳል በሚል አንድ ዐይነት አስተሳሰብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የላቲኑ ቃልም መንደድ ማለት ነውና በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። (በነገራችን ላይ አማርኛ ለአንጀት ርኅራኄን፣ ለሐሞት ድፍረትን፣ ለልብ ማስተዋልን ሲሰጥ ጉበትን እምብዛም ያስታወሰው አይመስልም፤ ጉበት ከዱለት ጋር ቀረ። በግዕዝ «ከብድ» ሆድንም ጉበትንም ያመለክት ነበር።) የ«ብግነት» ጉድለት አንድ ነው፦ ንዴት ይታወቃል፣ ይሰማል፤ በሄፓታይተስ ሲ የተያዘ ጉበት ግን የሚቆጣው ባለቤቱ ሳይሰማ ነው። ጉድለቱን የማንኛውም ቋንቋ ቃል ስለሚጋራው በትርጓሜ ካልሆነ በስያሜ አይጠገንም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ አደገኛው እርሱ ነውና። ቫይረሶቹ በባዕድ ፊደል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ተብለዋል። አማርኛ የራሱ ፊደል እያለው ለምን በሰው ፊደል ይቆጥራል የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል፤ በመርሕ ደረጃ እኛም እንስማማበታለን። እንግዲህ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበል። የመጀመሪያው «ብግነት ሀ»፣ ሦስተኛው «ብግነት ሐ» ይሆናሉ። በወረቀት ላይ ልዩነታቸው ጉልህ ነው። በአፍ ግን ግዕዝ የሚለያቸውን ድምፅ አማርኛ ካዋሐደው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሰውም ሆነ የእኛ ጆሮ «ሀ»ንና «ሐ»ን አይለይም። ከአምስቱ መካከል አንድ ድምፅ የሚጋሩት ደግሞ መለየት ያለባቸው ሁለቱ ናቸው፦ አንደኛው ራሱ የሚለቅና ፈጽሞ የማይሰነብት፣ ሁለተኛው ከያዛቸው መቶ ሰዎች በሰባው ያህል ላይ የሚሰነብትና ለካንሰር የሚያጋልጥ። «ሐመሩ ሐ» እያሉ መናገር ይቻላል የሚል ሰው ካለ፣ በሞላ የሕሙማን ተራ መካከል ይሞክረው። አበገደን ብንከተል ይህ ችግር ይቃለላል፤ ነገር ግን አበገደን ለቍጥር የሚያውለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» እንዲቆዩ እንደግፋለን፤ ፊደልን ማክበር ሰውን ከማሳሳት ጋር መጋጨት የለበትም።

በዚሁ አጋጣሚ የስሙን ዕድሜ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ኦልተርና ባልደረቦቹ ደም ከተሰጣቸው በኋላ ጉበታቸው የሚበግን ሰዎች ብዙዎቹ በኤም በቢም እንዳልተያዙ ተገነዘቡ። በሽታው ስም ስላልነበረው «ኤም ቢም ያልሆነ» ተባለ፤ በአሉታ የተሰየመ በሽታ! እ.ኤ.አ. በ1989፣ በእኛ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም.፣ ማይክል ሃውተንና ባልደረቦቹ ቫይረሱን ለይተው ባወጁ ጊዜ ሲ የሚለውን ፊደል አገኘ። ኦልተር፣ ሃውተንና ቫይረሱ ብቻውን በሽታውን እንደሚያመጣ ያረጋገጠው ቻርልስ ራይስ እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤልን ሽልማት ተጋርተዋል። እንግዲህ ከ1981 ዓ.ም. በፊት የተለቀመ የሕክምና ቃላት ዝርዝር ይህን ስም ሊይዝ አይችልም፤ የቀድሞዎቹ አሰናጆች ዘነጉት ተብለው መወቀስ የለባቸውም።

«ሥር የሰደደ» የሚለው አገላለጽ ብዙ ደጋፊ አለው፤ እኛም በሌሎች ጽሑፎች ተጠቅመንበታል። ሐኪሞች በዚህ በሽታ ረገድ የሚሰጡት ትርጉም የጊዜ ብቻ ነው፦ ቫይረሱ ከ6 ወር በላይ በደም ውስጥ ከቆየ ሰነበተ ይባላል። ስለ ክብደቱ፣ ስለ መዳን ወይም ስለ አለመዳን የሚለው ነገር የለም። «ሥር ሰደደ» ሲባል ግን ገበሬው የሚያየው ሥሩ ወደ ጥልቅ የወረደ፣ ቢነቅሉት የማይነቀል ዛፍ ነው። ሐኪሙ «ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ወር ክኒን ይድናል» ቢለው ከሁለቱ አንዱን አያምንም፤ የማያምነውም ሁለተኛውን ይሆናል። «ዘላቂ» ደግሞ በጎ ነገርን ተላምዷል፤ ሰላምና ልማት ዘላቂ ሲባሉ እንጂ ቫይረስ ዘላቂ ሲባል ለጆሮ ይከብዳል፤ ለዘለዓለም የሚኖርም ያስመስላል። «የቆየ» ደህና ነው፤ ሆኖም የድሮና ያለፈ ከሚል ትርጉም ጋር ይደባለቃል። እኛ «የሰነበተ» የሚለውን እናቀርባለን። የሰነበተ ነገር ጊዜ ወስዷል፤ አሁንም አለ፤ ነገ ሊሄድ ይችላል። ሕመምተኛም ስለ ራሱ ሲናገር «ሳል ሰነበተብኝ» ይላልና ቃሉ ከቤቱ አይርቅም። ለመጀመሪያው ወቅት በልማድ የሚሰጠው «አጣዳፊ» ለተቅማጥ ይስማማል፤ ምልክት ለሌለው ጅማሬ ግን አይስማማምና «ጀማሪ» ቢባል ይበቃል።

ቀጥሎ ያለው እርከን ጠባሳ ነው። ቫይረሱ የጉበትን ሕዋሳት ይይዛል፤ የሰውነት መከላከያ የተያዙትን ሕዋሳት ያጠቃል፤ የሞቱት በአዲስ ይተካሉ፤ ጉዳቱ ሳያቋርጥ ሲደጋገም በጤነኛው ሥጋ ፈንታ ጠባሳ ይሞላል። ቫይረሱ ከሰነበተባቸው ሰዎች ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳና በቋጠሮ ይሞላል፤ ይህም ሲሮሲስ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1819 ስሙን ያወጣው ከቋጠሮው ቀለም፣ ብጫና ቡኒ ከሚል የግሪክ ቃል ነበር፤ ስለ በሽታው ጠባይ የሚነግረን የለም። እንግዲህ ከዋናው ስም የምንወርሰው ምሥጢር ስለሌለ ነፃ ነን።

ብዙ ስያሜዎች ሞክረናል። «የጉበት መጠንከር» እንዳንል ጠንካራ ጉበት ጤነኛ ጉበት ይመስላል። «የጉበት መጠጠር» ለመጣል ያሳዝናል፤ በግ አርዶ ጉበቱን በጣቱ የዳሰሰ ሰው ሁሉ ለስላሳውን ከጠጠረው ይለያልና። ችግሩ «የሐሞት ጠጠር»፣ «የኩላሊት ጠጠር» መባሉ ነው፤ ሰሚው በጉበቱ ውስጥ ጠጠር የተገኘበት፣ ተቀዶ የሚወጣለት ይመስለዋል። በመጨረሻ ያገኘነው ከእርሻ ነው። አረም የበዛበት ማሳ «አረም ወረሰው» ይባላል። አረም የወረሰው ማሳ መሬቱ አለ፤ ሰብሉ ግን ቦታ አጥቷል። «ጠባሳ የወረሰው ጉበት» ብንል ሐኪሙ በማጉያ መነጽር የሚያየውንና ገበሬው በማሳው የሚያየውን አንድ እናደርጋለን። ሲሮሲስ የሚለው ቃል ለባለሙያው ጎን ለጎን ይቆይ።

እዚህ ላይ ወደ ግሡ ደርሰናል። «ሄፓታይተስ ሲ ወደ ካንሰር ይለወጣል» የሚለው አነጋገር በንግግርም በጽሑፍም የሚዘወተር ነው፤ ስሕተቱም ከቃላት ምርጫ ያለፈ ነው። ወተት ወደ እርጎ ይለወጣል፤ ቫይረስ ግን ወደ ካንሰር አይለወጥም። የሚለወጠው የሰውየው የራሱ የጉበት ሕዋስ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የዘር መልእክቱን ከጉበት ሕዋስ ዲ ኤን ኤ ጋር ሊያጋባ ስለሚችል ሲሮሲስ ሳይቀድመውም ካንሰር ሊያስነሣ ይችላል። የሲ ቫይረስ ግን የአር ኤን ኤ ቫይረስ ነው፤ ከሕዋሱ ዲ ኤን ኤ ጋር አይጋባም። ዋነኛ መንገዱ በዓመታት ብግነት፣ በሞትና በመተካት ውስጥ ያልፋል፦ ሕዋስ በተተካ ቍጥር መልእክቱ ይገለበጣል፤ በተቆጣ አካባቢ ሲገለበጥ ስሕተት ይበዛል፤ ስሕተቱ ሲጠራቀም አንዱ ሕዋስ ከሥርዐት ወጥቶ ያለ ልክ ይራባል። በመዝገበ ቃላት ሥራ የምንኖር ሰዎች ነገሩን ለመረዳት አይቸግረንም፤ መጽሐፍ ደጋግሞ በተገለበጠ ቍጥር የጸሐፊው ግድፈት እንደሚበዛ ከብራናዎቻችን እናውቃለን። ሲሮሲስ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል በየዓመቱ ከ1 እስከ 4 በመቶ ያህሉ ካንሰር ይነሣባቸዋል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 ቫይረሱን ለሰው ካንሰር አስነሺ መሆናቸው ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል።

ስለዚህ «ይለወጣል» ይቅር። «ያመጣል» እውነት አለው፤ ነገር ግን ለተያዘው ሁሉ የሚደርስ ያስመስላል። «ያስከትላል» የሚለው ቅደም ተከተሉን ያሳያል፤ ችግሩ እርግጠኝነቱ ነው። እኛ «ያጋልጣል» የሚለውን እንመርጣለን፤ ምክንያትነቱን ሳይክድ ዕጣውን ክፍት ይተዋልና። ለሳይንስ ጽሑፍ «አስነሺ» የሚለው ስም ሊያገለግል ይችላል።

ከ«ካንሰር» እና ከ«ነቀርሳ» የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ላቲኑ ሸርጣን ማለት ነው፤ ዐረብኛም በአንድ ቃል ሸርጣኑንም በሽታውንም ይጠራል። እኛ ሸርጣንን ከዐረብኛ ተቀብለን ለከዋክብት ቈጠራ ሰጠነውና በሽታውን ያለ ስም ተውነው። «ነቀርሳ» አገርኛ ቃል ስለሆነ ልባችን ወደ እርሱ ያደላ ነበር። ነገር ግን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ሕዝቡ የሚረዳው ቲቢን ነው። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ የታመመ ሰው ይሸሻል። «የጉበት ነቀርሳ» የተባለ አባት ልጆቹን ከማዕዱ ቢያርቅ፣ ጎረቤቶቹም ቢርቁት፣ ጥፋቱ የቃሉ ይሆናል። ቫይረሱ በደም ይተላለፋል፤ ካንሰሩ ራሱ ግን በማዕድም በትንፋሽም ወደ ማንም አይተላለፍም። «ካንሰር» የሚለው ባዕድ ቃል ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ስለሆነ በዚህ ቦታ የአገራችንን ቃል መተው ግድ ሆኖብናል።

«በደም የሚተላለፍ» የሚለውም ሐረግ ቀላል ወጥመድ አይደለም። በአማርኛ ደም ዘመድ ነው፤ «የደሜ ነው» ማለት ወገኔ ነው ማለት ነው። «በደም ይተላለፋል» ሲባል «በዘር ይወረሳል» ተብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ይፈራል፤ ምላጩን ግን የሚፈራ አይኖርም። «በደም ንክኪ» ቢባል ይጠራል። ይህም የማይጠበቅ ሆኖ እንዳይቀር መሣሪያዎቹን በስማቸው መጥራት ያስፈልጋል፦ ሳይቀቀል ለሁለተኛ ሰው የዋለ መርፌ፣ የዋግምት ምላጭ፣ የንቅሳት መርፌ፣ እንጥል የሚቈረጥበት ስለት፣ ያልተመረመረ ደም። ተርጓሚው «ያልጸዱ ስለታም ነገሮች» ብሎ ቢያልፍ እውነት ተናግሯል፤ ዋግምት የታገመው ሰው ግን ስለ እርሱ መነገሩን አያውቅም።

የበሽታው ስፋት በአገራችን ይህን ያህል ያስደክማል ወይ ለሚል አንባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በኢትዮጵያ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ የሄፓታይተስ ቢን ሥርጭት 7.4 በመቶ፣ የሲን 3.1 በመቶ አድርጎ አስልቷል። የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ የቫይረሶቹን ድርሻ በኢትዮጵያውያን የጉበት ሕመምተኞች ላይ ካጠኑ ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ናቸው። ለቢ ክትባት አለው፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። ለሲ ክትባት የለውም፤ መድኃኒት ግን አለው። በዚህም የተነሣ ሁለቱን በአንድ ስም ማጠቃለል አይቻልም። በ3.1 በመቶው ላይም የቃል ጥንቃቄ ያሻል፦ የሚቈጠረው በደሙ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘበት ሰው ነው። ይህ ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንደገባ ይመሰክራል እንጂ ዛሬ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ሌላ ምርመራ አለ። «ተገኘበት» ሲባል ምን እንደ ተገኘ ያልጻፈ ተርጓሚ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ጽፏል።

በመጨረሻ «ዳነ» የሚለው ግሥ ይቀራል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት በአፍ የሚዋጡ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ከቫይረሱ ያድናሉ። ጠባሳ ጉበቱን ሳይወርሰው የዳነ ሰው በእርግጥ ዳነ። ጉበቱ ከተወረሰ በኋላ ከቫይረሱ የዳነው ግን የካንሰር ሥጋቱ እጅግ ይቀንስለታል እንጂ አይጠፋለትም፤ በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ መታየት ይኖርበታል። «ድነሃል» ተብሎ ወደ ወገራ የተመለሰ ገበሬ ለምን እንደገና ጎንደር እንደሚጠራ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። «ከቫይረሱ ድነሃል፤ ጠባሳው ግን አለ» ቢባል ሁለቱም እውነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገሩታል። ቫይረሱም አንዴ የዳነውን ዳግም ሊይዝ ይችላል፤ እንደ ኩፍኝ አንዴ ይዞ የሚተው አይደለም።

ለመዝገበ ቃላቱ የምናቀርባቸው የፍቺ ረቂቆች የሚከተሉት ናቸው።

የወፍ በሽታ፦ ስም። የዐይን ነጭና የቆዳ መወየብ፤ ልዩ ልዩ የጉበት፣ የሐሞትና የደም ሕመሞች ምልክት። ለሄፓታይተስ ምትክ ስም አይሆንም።

ሄፓታይተስ ሲ፦ ስም። በሲ ቫይረስ የሚመጣ የጉበት ብግነት። በደም ንክኪ ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይሰነብታል፤ ሲሰነብት ጉበትን ጠባሳ ያስወርሳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል፤ በመድኃኒት ይድናል። ከሄፓታይተስ ኤ ጋር አነጻጽር።